በረዥሙ የካፋ ክረምት የማገዶና የቤት ማሞቂያ ወጪን መቀነስ

በካፋ ዞን የዝናቡ ወቅት እንደ ሰሜኑና እንደ መካከለኛው የአገሪቱ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በቦንጋ ከተማና በአካባቢዋ ባሉ ወረዳዎች ዝናቡ በአብዛኛው በመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በብዙ ሥፍራም በዓመት የሚዘንበው መጠን ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በእነዚህ ወራት ጉሙ እስከ ረፋድ ይቆያል፣ ልብስ በቀላሉ አይደርቅም፣ የማገዶ እንጨት ይረጥባል፣ እሳት ቶሎ አይያያዝም። ቤተሰብ ምግብ ለማብሰል፣ ቡና ለማፍላት፣ ልብስ ለማድረቅና ለመሞቅ የሚያወጣው ወጪም በዚሁ መጠን ያድጋል።

ብርዱ በሁሉም ቀበሌ አንድ ዓይነት አይደለም። የአየር ሙቀት በእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ በአማካይ ወደ 0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። ስለሆነም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከቦንጋ ይልቅ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆኑ የደጋ ቀበሌዎች የሚኖር ቤተሰብ 5 ዲግሪ ያህል የሚበልጥ ብርድ ይገጥመዋል። በደጋው እሳት የሚነደው ለማብሰል ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ለማሳለፍም ጭምር ነው።

ይህ ጽሑፍ በካፋ ዞን ያሉ ነዋሪዎች የማገዶ፣ የከሰልና የኤሌክትሪክ ወጪያቸውን ለመቀነስ የሚችሉባቸውን መንገዶች በቅደም ተከተል ያስረዳል። ወጪን የመቀነስ ጥረት ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥበትን አንድ ሁኔታም በተለይ ያመለክታል፤ ይኸውም ከሰልን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማሞቂያነት መጠቀም ነው።

ወጪው ከየት ይመነጫል?

የክረምት የማገዶ ወጪ በዋናነት ከሦስት ምክንያቶች ይመነጫል። አንደኛው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ ከሙቀቱ የተወሰነው ድስቱን በማሞቅ ፈንታ ውሃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። ሁለተኛው በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው ክፍት እሳት ነው፤ ከዚህ እሳት አብዛኛው ሙቀት በጎን በኩል ወጥቶ ይባክናል፣ ወደ ምግቡ የሚደርሰውም አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቤቱ ራሱ ነው፤ ሙቀት በጣሪያና በግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት፣ በተሰነጠቀ ምርጊትና በማይገጥም በር በኩል ይወጣል።

ሦስቱም ምክንያቶች መፍትሔ አላቸው። ከመፍትሔዎቹ መካከል ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ አሉ፤ ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ፤ ቁጠባ የሚሹም አሉ። ገንዘብ በማይጠይቁት መጀመር ተገቢ ነው።

እንጨትን ማድረቅ፦ ገንዘብ የማይጠይቅ ቁጠባ

አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት 20 ኪሎ ግራም እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው የገዛው 10 ኪሎ ግራም እንጨትና 10 ኪሎ ግራም ውሃ ነው ማለት ነው። በአንጻሩ በሚገባ የደረቀ እንጨት የውሃ መጠኑ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሆን፣ ከ20 ኪሎ ግራም ውስጥ 16 ኪሎ ግራሙ እንጨት ነው። በእርጥቡ እንጨት ላይ ውሃውን ለማትነን የሚባክነው ሙቀት ሲታከል፣ እኩል ክብደት ያለው ደረቅ እንጨት ከእርጥቡ ይልቅ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሙቀት ይሰጣል። ከዚህም ሌላ እርጥብ እንጨት ብዙ ይጨሳል፤ ጭሱም ሳይነድ የባከነ ማገዶ ነው።

ይህን ቁጠባ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጊዜን አስቀድሞ ማቀድ ነው። በካፋ በአንጻራዊነት ደረቅ የሚባሉት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ለመጪው ክረምት የሚሆነውን እንጨት በእነዚህ ወራት ማዘጋጀት፣ በክረምት መካከል እርጥብ እንጨት በውድ ዋጋ ከመግዛት ያድናል። በማዘጋጀት ወቅት የሚከተሉትን ነጥቦች መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንጨቱ ተፈልጦ ውፍረቱ ከክንድ ያልበለጠ መሆን ይኖርበታል። ቅርፊቱ ያልተላጠና ያልተፈለጠ ግንድ ለብዙ ወራት ውስጡን እርጥብ እንደሆነ ያቆየዋል፤ የተፈለጠው ግን በሁሉም በኩል አየር ያገኛል።

ክምሩ መሬት ሳይነካ፣ በድንጋይ ወይም በአግዳሚ እንጨት ላይ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከላይ በቆርቆሮ ወይም በሣር መሸፈን ሲኖርበት፣ በጎኖቹ ግን ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍት መሆን አለበት። ክምርን ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ዝናቡን ቢከላከልም እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ስለሚይዝ እንጨቱ ይሻግታል።

አሮጌውና አዲሱ እንጨት ለየብቻ መከመርና ቀድሞ የደረቀው ቀድሞ መነደድ ይኖርበታል። ለመድረቁ ምልክቱ ጫፎቹ መሰንጠቃቸው፣ ቅርፊቱ በቀላሉ መላቀቁና ሁለት ፍላጮች ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠታቸው ነው።

በብዙ ቤቶች እንጨት ከእሳቱ በላይ በተሠራ ቆጥ ላይ ይደረደራል። ይህ ልማድ እንጨትን በፍጥነት የሚያደርቅ ቢሆንም፣ ቆጡ ለነበልባል ቅርብ ከሆነና ጣሪያው የሣር ከሆነ ለቃጠሎ ያጋልጣል። ቆጥ የሚጠቀም ቤተሰብ የአንድ ወይም የሁለት ቀን እንጨት ብቻ እንዲያስቀምጥበት፣ ሌሊትም እሳቱ በሚገባ መዳፈኑን እንዲያረጋግጥ ይመከራል።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችና የአጠቃቀም ስልታቸው

በኢትዮጵያ ከአጠቃላይ የኃይል ፍጆታ ዘጠኝ አሥረኛ ገደማ የሚሆነው የሚገኘው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። በዚህም ምክንያት በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን ማስፋፋትን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች መካከል አስቀምጦታል። በአገር ውስጥ ተሻሽለው በስፋት የተሠራጩት ምድጃዎች እያንዳንዳቸው የተለየ አገልግሎት አላቸው።

ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የተዘጋጀ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ቀላል ክብደት ካለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል። እሳቱ በምጣዱ ሥር ተከቦ ስለሚነድ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨት ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከምጣዱ የሚተርፈው ሙቀት ከኋላ በኩል ሲወጣ በዚያ ላይ ድስት ወይም የውሃ ዕቃ መጣድ ይቻላል። በምርጥ ምድጃ ላይ ቆጮም ሆነ ቂጣ መጋገር ይቻላል።

ትክክል ምድጃ ለወጥና ለውሃ ማፍያ የሚያገለግል ነው። ጠባብ የሆነው የማንደጃ ክፍሉ እንጨቱ በትንሽ መጠን፣ በከፍተኛ ሙቀትና በትንሽ ጭስ እንዲነድ ያደርጋል። ቀጭንና ደረቅ እንጨት ካልገባበት በስተቀር ግን የተጠበቀውን ቁጠባ አይሰጥም።

ጎንዜ ምድጃ ከሸክላ የሚሠራ ሲሆን ለመጋገርም ለማብሰልም ያገለግላል። ላቀች ምድጃ ደግሞ የከሰል ምድጃ ነው፤ በቆርቆሮ ሽፋኑ ውስጥ ያለው የሸክላ ክፍል ሙቀቱን ስለሚይዝ፣ ከተራው የብረት ምድጃ ይልቅ የከሰል ፍጆታን ሩብ ያህል ይቀንሳል።

ምድጃ የሚገዛ ሰው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የምድጃው ስፋት ቤት ውስጥ ካለው ምጣድ ጋር መግጠም አለበት፤ ምጣዱ ከምድጃው አፍ ቢጠብ ወይም ቢሰፋ ሙቀቱ በክፍተቱ ይወጣል። የሲሚንቶው ክፍሎች ስንጥቅ የሌለባቸው መሆን ይገባቸዋል። የሲሚንቶ ምድጃ ከተሠራ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ መቆየትና ከዚያም በጥላ መድረቅ ስላለበት፣ ገዢው የተሠራበትን ቀን መጠየቅ አለበት። ሳይጠነክር እሳት የነካው ምድጃ በአጭር ጊዜ ይፈረካከሳል። በተተከለ ጊዜም የክፍሎቹ መገጣጠሚያና በምጣዱ ዙሪያ ያለው ክፍተት በጭቃ መመረግ ይኖርበታል።

የምድጃው ጥቅም በአጠቃቀሙ ይወሰናል። አፉን በእንጨት መሙላት ነበልባሉን ወደ ውጭ ስለሚያወጣው ማባከን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ፍላጭ ብቻ ማስገባት፣ የጫፋቸውን መንደድ እየተከታተሉ ወደ ውስጥ መግፋት፣ አመዱንም በየጊዜው ማውጣት ተገቢ ነው። ምርጥ ምድጃ ገዝቶ ወጡን አሁንም በሦስት ጉልቻ የሚያበስል ቤተሰብ ከሚጠብቀው ቁጠባ ከፊሉን ብቻ ያገኛል።

በአበሳሰል የሚገኝ ቁጠባ

ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄ ከማብሰያው ቀን ዋዜማ ጀምሮ በውሃ ቢዘፈዘፉ የሚበስሉበት ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። የድስት ክዳን ያለማቋረጥ መግጠም፣ ውሃው ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ ሌላው ቀላል ዘዴ ነው፤ ውሃ አንዴ ከፈላ እሳት ቢበዛበት እንፋሎቱ ይጨምራል እንጂ ምግቡ ቶሎ አይበስልም።

ለረዥም ጊዜ የሚበስሉ ምግቦች በሙቀት መጠበቂያ ቅርጫትም ሊዘጋጁ ይችላሉ። ትልቅ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጡ በደረቅ ኮባ ቅጠል፣ በጭድ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ በደንብ ከተሞላ በኋላ፣ በሚገባ የፈላው ድስት ክዳኑ እንደተገጠመ መካከሉ ላይ ተቀምጦ ከላይ ይሸፈናል። ምግቡ ተጨማሪ እሳት ሳያስፈልገው በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ነገር ግን ቦሎቄ ወደ ቅርጫቱ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት፤ በጥሬው የሚገኘው መርዛማ ንጥረ ነገር በዝቅተኛ ሙቀት አይጠፋም። ማንኛውም በዚህ ዘዴ የበሰለ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እንደገና ሊፈላ ይገባል።

ቡና ለማፍላት ለብቻ እሳት ከመለኮስ ይልቅ፣ ምሳ ወይም እራት ከበሰለበት ፍም ጋር ማገናኘት ይቻላል። የሚተርፈውን ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ማስቀመጥ ደግሞ ለሕፃናት መታጠቢያና ለሻይ በተደጋጋሚ እሳት ማንደድን ያስቀራል።

ቤቱን ከብርድ መጠበቅ

ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት አብዛኛውን ሙቀት በጣሪያው በኩል ያጣል። በመኝታ ክፍል ብቻ እንኳ ኮርኒስ ማበጀት ከሌሎቹ ጥገናዎች ይልቅ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። አቅሙ ያለው በጣውላ ወይም በቺፕውድ፣ ሌላውም በአቡጀዲ ወይም ንጹሕ በሆነ የጆንያ ጨርቅ ሊሠራው ይችላል። ጨርቁ ግን እሳት ከሚነድበት ሥፍራ በላይ ፈጽሞ መሆን የለበትም።

የተሰነጠቀ ግድግዳ በጭድ በተቦካ ጭቃ መመረግ፣ የበር ሥር ክፍተት በተጠቀለለ ጨርቅ መዘጋት፣ መስኮትም ማታ በወፍራም መጋረጃ መሸፈን አለበት። የአፈር ወለል ከሆነ ሰሌን ወይም ሌላ ምንጣፍ ከታች የሚመጣውን ቅዝቃዜና እርጥበት ይቀንሳል። በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈርና የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘም ደግሞ ግድግዳው እንዳይረጥብ ያደርጋል፤ እርጥብ ግድግዳ ከደረቁ ይልቅ ሙቀትን በፍጥነት ያስወጣል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ክፍሉን ሳይሆን ሰውን ማሞቅ ነው። ቡልኮ፣ ጋቢ፣ ካልሲና የራስ መሸፈኛ የሌሊቱን እሳት ሊተኩ ይችላሉ። ሙቅ ውሃ የሚችልና በደንብ የሚዘጋ የጎማ ወይም የብረት ዕቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢቀመጥ አልጋን ለሰዓታት ያሞቃል። ለአረጋውያንና ለሕሙማን ይህ ዘዴ ከእሳት ይልቅ የተሻለ ነው፤ ዕቃው ገላን በቀጥታ እንዳይነካና እንዳያፈስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ገዳይ ነው

ቤትን ከነፋስ መዝጋት ወጪን የሚቀንስ ቢሆንም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ የባሰ አደጋ ያመጣል። ነፋስ የሚያስገቡት ክፍተቶች ጭስና መርዛማ ጋዝ የሚወጣባቸውም ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ የሚተኙበትን ክፍልና እሳት የሚነድበትን ክፍል መለየት ነው። የመኝታ ክፍል ከብርድ ይጠበቃል፤ ማብሰያው ግን ጭስ የሚወጣበት መስኮት ወይም የጣሪያ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ቢቻል ከመኖሪያው ተነጥሎ መሠራት አለበት። የሣር ጣሪያን ከነቀዝ ለመጠበቅ ወይም በቆሎ ለማድረቅ ጭስ የሚፈልጉ ቤተሰቦችም ይህን በተለየው ማብሰያ ቤት ማከናወን ይችላሉ።

ብዙ ሰዎች ከሰል ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ መኝታ ክፍል ቢገባ ጉዳት የለውም ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ስሕተት ነው። የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ማመንጨቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዓይንን አያቃጥልም፣ አያስልምም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውነት ይታፈናል። የተኛ ሰው ምልክቱ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። በክረምት ሌሊት ለመሞቅ ሲባል በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት በአንድ ሌሊት አንድን ቤተሰብ በሙሉ ሊያጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የሰውነት መዛል ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያማቸው ጋዙን መጠርጠር ያስፈልጋል። በዚህን ጊዜ በርና መስኮት ወዲያውኑ ከፍቶ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከሰሉን ከቤት ማራቅና ተጎጂውን ሳይዘገዩ ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ማድረስ ግዴታ ነው። ተጎጂው የተሻለው ቢመስልም ምርመራ ያስፈልገዋል። ወተት ማጠጣት ወይም ፊት ላይ ውሃ መርጨት ንጹሕ አየርንና ሕክምናን አይተካም።

ዝግ ብሎ የሚጎዳው የዕለት ጭስም ቀላል አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉ ሕፃናት ለጭስ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስለሆነም ደረቅ እንጨትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሳንባንም ያድናሉ።

ከሰል በወጪም ቢሆን እንደሚታሰበው ርካሽ አይደለም። በባህላዊ መንገድ በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ግራም ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ ግራም ያላነሰ እንጨት ያልቃል።

በኤሌክትሪክ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች

ኤሌክትሪክ በደረሰባቸው የቦንጋ ቀበሌዎችና ሌሎች ከተሞች ጭስ የሌለው ማብሰያ መጠቀም ይቻላል። ወጪው የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የዕቃውን ኃይል በኪሎዋት ከሚሠራበት ሰዓት ጋር በማባዛት ይገኛል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ የወሩ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ወደ ከፍተኛው እርከን ይሸጋገራል።

ለምሳሌ 3.5 ኪሎዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ለ2 ሰዓት ቢሠራ በ4 ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 2 ኪሎዋት የሆነ የክፍል ማሞቂያ በየምሽቱ ለ4 ሰዓት ቢበራ ግን በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም ከምጣዱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። 2 ሊትር ውሃ ለአልጋ ማሞቂያ ለማፍላት የሚያስፈልገው ኃይል በአንጻሩ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የክፍል ማሞቂያን በሙቅ ውሃ ዕቃና በብርድ ልብስ መተካት ስለዚህ የኤሌክትሪክ ክፍያን በዋናነት የሚቀንስ እርምጃ ነው።

ምጣዱ እስኪግል የሚወስደው ኃይል በእያንዳንዱ ጋገራ ስለሚደጋገም፣ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹን አንድ ወይም ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ባለው ግለት መጋገር ይቻላል። ምጣድ፣ ማሞቂያና የውሃ ማፍያ በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት ግን ገመዱን አግሎ ቃጠሎ ሊያስነሳ ስለሚችል ሊደረግ አይገባም።

የማገዶ ምንጭና የካፋ ደን

ካፋ የአረቢካ ቡና በተፈጥሮ ደን ውስጥ የሚበቅልበት ምድር ነው። የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2002 ዓ.ም. ከያዩ ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ለማገዶ የሚቆረጠው የጥላ ዛፍ ለቡናው፣ ለማሩና ለምንጩም አስፈላጊ ነው። ለዚህም ነው በዞኑ አሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበራት የተቋቋሙት፤ በጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በናቡ ድጋፍም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች የተሠራጩትና ለማገዶ የሚሆኑ የማኅበረሰብ ደኖች የተተከሉት።

ቤተሰቦች ከተፈጥሮ ደን ውጭ ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ የማገዶ ምንጮች አሉ። የቡና ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚገኘው እንጨት ጠንካራና ጥሩ ማገዶ ነው፤ ተፈልጦ ለክረምት ሊቀመጥ ይችላል። በማሳ ዳርና በጓሮ የሚተከሉ ሰስፓንያ፣ ግራቪሊያና የመሳሰሉት ፈጣን ዕድገት ያላቸው ዛፎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት ፍጆታ ይደርሳሉ። ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ መተከል አለበት።

ከ4 ያላነሱ የቀንድ ከብቶች በበረት የሚያሳድርና ውሃ በቅርብ የሚያገኝ አርሶ አደር ባዮጋዝ ሊያስገነባ ይችላል። ባዮጋዝ ለማብሰያና ለመብራት የሚሆን ጋዝ፣ ተረፈ ምርቱም ለእንሰትና ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብርድ በሚበዛበት ከፍተኛ ደጋ የጋዙ መጠን ስለሚቀንስ፣ ከግንባታ በፊት ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አገልግሎት የት ይገኛል?

ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችና ስለ ባዮጋዝ በየወረዳው ያለውን የኢነርጂ ዘርፍ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ጠያቂው የምጣዱን ስፋት፣ የቤተሰቡን ቁጥርና የሚጠቀምበትን የማገዶ ዓይነት አስቀድሞ ቢያውቅ ተገቢውን ምክር በቶሎ ያገኛል። ምድጃ በማምረት ለመተዳደር የሚፈልጉ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራትም ስለ ሥልጠና ዕድል በዚያው መጠየቅ ይችላሉ።

የዛፍ ችግኝና የተከላ ምክር በቀበሌው ከሚገኘው የግብርና ልማት ባለሙያ ይገኛል። በደን ውስጥ ማገዶ መልቀም የሚፈቀድበትን ሥፍራና ሁኔታ በተመለከተ የአካባቢው የደን አስተዳደር ማኅበር ኮሚቴ መረጃ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ብልሽት፣ አጠራጣሪ የፍጆታ ሒሳብና የኃይል መቋረጥ ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 መደወል ወይም ወደ አገልግሎት ማዕከሉ መሄድ ይቻላል። አቤቱታ አቅራቢው የደንበኝነት ቁጥሩንና ያለፉትን ወራት ደረሰኞች መያዝ አለበት። ከጭስ ጋር የተያያዘ የሕፃናት ሳልና የመተንፈስ ችግር ሲኖር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ማማከር ይገባል።

በቅድሚያ ሊፈጸሙ የሚገባቸው

ምንም ገንዘብ የማይጠይቁት ተግባራት እንጨትን ፈልጦ ማድረቅ፣ ጥራጥሬ መዘፍዘፍ፣ ድስት መክደንና የመኝታ ክፍልን ከእሳት መለየት ናቸው። በጥቂት ወጪ ግድግዳ መምረግ፣ ኮርኒስ ማበጀትና የሙቅ ውሃ ዕቃ መግዛት ይቻላል። ቀጥሎ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ አቅም ሲፈቅድም የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ባዮጋዝ ይመጣል። አንድ ቤተሰብ ሁሉንም በአንድ ክረምት ማሟላት አይጠበቅበትም፤ በኅዳር የተፈለጠ እንጨት በመጋቢት ዝናብ ሲጀምር ቁጠባውን ማሳየት ይጀምራል።

ከሰልን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መተኛት ግን በየትኛውም የገቢ ደረጃና በምንም ዓይነት ብርድ ሊፈጸም አይገባም። ከመኝታ በፊት ፍም ከቤት ወጥቶ በውሃ ወይም በአፈር መጥፋቱን ማረጋገጥ የቤቱ አዋቂዎች ሁሉ የዕለት ኃላፊነት ነው።